የጥርስ ሕመምና ቅርንፉዳችን

ከላስታ የመጣን ተማሪዎች ጥርሳችንን ሲያመን ቅርንፉድ መንከስ እናውቃለን። ደግ መድኃኒት ነው፤ ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ሥቃዩን ያደነዝዛል፤ የተቦረቦረውን ጥርስ ግን አይደፍንም።

ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጠዝ አድርጎ ወዲያው የሚተወን እንደ ሆነ ሐኪሙን በቀጠሮ ማየት ይበቃል። ሳይነካ የሚጠዘጥዝ፥ ከእንቅልፍም የሚቀሰቅስ ሲሆን ግን ጉዳቱ ከነርቩ ደርሷልና ሳምንት አይሰጠውም። ይልቁንም የሚያታልለን ሕመሙ በድንገት ጸጥ ሲል ነው። «ትሉ ሞተ» ብለን እንደሰታለን። ትል እንኳ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ የሞተው ነርቩ ነው፤ መግሉም ከሥሩ መቋጠሩን ይቀጥላል።

ጉንጭ ካበጠና ትኩሳት ከተነሣ፥ ይልቁንም መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፥ ወልድያና ደሴ ሩቅ ናቸው ብሎ ገበያ ቀን መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ዕለት፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ላሊበላ ካለው ሆስፒታል መድረስ ነው።