አፍንጫ ላይ የወጣ ሽፍታ ምን ይናገራል?

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ዘመድ መተዛዘን ነው። ይሁን እንጂ በሕክምናም በኩል ሲመለከቱት እውነትነት አለው። የሰውነታችን ክፍሎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለሆኑ፣ በአንዱ ላይ የሚታየው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሌላው ነው። አፍንጫ ላይ ብቅ ያለች ትንሽ እብጠት በጣፊያ ውስጥ ስለ ነበረ ወይም በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር በሽታ ልትመሰክር ትችላለች።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአርትስ ፋክልቲ ተማሪ ነው። «ታዲያ ሕክምና ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ፊቱ ላይ ምልክት የወጣበትን ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሐኪም አይደለም። አስቀድመው የሚያዩት ሚስቱ፣ ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰውና አብሮት የሚማረው ጓደኛው ናቸው። ሰውየው ከጤና ጣቢያ ሳይደርስ በእነዚሁ ዳኞች ፊት ቆሞ ይፈረድበታል። ዳኞቹ እኛ ከሆንን ደግሞ ከመፍረዳችን በፊት ጥቂት ማወቅ ይገባናል። ለምሳሌ የሚሆነንን ከመተማ ቆላ እንጀምር።

1. የሰሊጥ አገርና የአሸዋ ዝንብ

ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን፣ ገንዳ ውኃን አልፈን ስንሄድ የሱዳን ድንበር ላይ መተማ ዮሐንስን እናገኛለን። በታሪክ ትምህርት ስሟን ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉባት ቦታ ናት። ዛሬ ከመተማ እስከ ቋራና እስከ ምዕራብ አርማጭሆ ያለው ቆላ የሚታወቀው በሰሊጡ፣ በጥጡና በማሽላው ነው። ሰሊጥ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ሰብሎች ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑን የኤኮኖሚክስ ጓደኞቻችን ይነግሩናል። የማይነግሩን ነገር ቢኖር ሰሊጡን የሚያርመውና የሚያጭደው ማን እንደሆነ ነው።

በክረምት መግቢያ ለአረም፣ በመጸው ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይም ሳይቀር ብዙ ሺህ ጎልማሶች ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ። እርሻ ለእርሻ እየተዘዋወሩ ዓመቱን በቆላ የሚያሳልፉትን አገሬው «ሳሉግ» ይላቸዋል። ሌሊቱን የሚያሳልፉት በእርሻው ዳር፣ በዳስ ውስጥ ወይም በግራር ሥር ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ ስንጥቅና በዛፎቹ ሥር የአሸዋ ዝንብ የምትባል ፍጥረት ትኖራለች። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። የተኛውን ሰው በሌሊት ስትነክሰው ሌይሽማንያ ዶኖቫኒ የሚባለውን ተውሳክ ታስተላልፍበታለች። ተውሳኩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ እርሱ ከጻፉት ከሁለቱ ሐኪሞች ከሌይሽማንና ከዶኖቫን ነው።

በሽታው ካላ አዛር ይባላል። ቃሉ የሕንድ አገር ነው፤ «ካላ» ማለት ጥቁር ማለት ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል። ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፣ ደም ያንሳል፤ አፍንጫም ብዙ ጊዜ ይነስራል። እንግዲህ አፍንጫ ምስክርነቱን የሚጀምረው ገና ከዚህ ነው። በሽተኛው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። በአገራችን የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን ለ17 ቀን በመርፌ መስጠት ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። በአብደራፊም የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ለብዙ ዓመታት በሽተኞችን ሲያክም ቆይቷል።

ምልክትን በትክክል አለማንበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ ሊቦ ከምከምን ማስታወስ ይበቃል። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች በሽታውን ወደ ደጋ ይዘውት ሳይወጡ አልቀሩም ይባላል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት ይሞት ጀመር። በመጀመሪያ መድኃኒት አልበገር ያለው ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው አልቋል።

2. የዳነው ሰውና ሽፍታው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከካላ አዛር የዳነው ሠራተኛ ወደ ቀዬው ተመልሷል እንበል። ትኩሳቱ ለቆታል፣ የሆዱ እብጠት ሟሟል፣ ምግብ ይስማማው ጀምሯል። ከጥቂት ወራት በኋላ በአፉ ዙሪያ፣ በአፍንጫውና በጉንጮቹ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይወጡበታል። አንዳንዱ ጠፍጣፋና ፈዘዝ ያለ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ምስር ፍሬ ጎበጥ ይላል። ሲብስ ወደ ክንድና ወደ ደረት ይወርዳል። ሰውየው ግን አያተኩሰውም፣ አያመውም። ይህ «ድኅረ ካላ አዛር» የሚባለው የቆዳ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 መጀመሪያ የገለጸው ብራህማቻሪ የሚባል የካልካታ ሐኪም ነበር።

ሽፍታ የሚለው ቃላችን ለዚህ ሁኔታ እንደ ተለካ ልብስ ይስማማዋል። ዋናው ጦር ሲፈታ ጥቂቱ ወደ ዱር እንደሚገባ ሁሉ፣ መድኃኒቱ ጣፊያንና ጉበትን ሲያጸዳ ጥቂት ተውሳኮች በቆዳ ውስጥ ተሸሽገው ይቀራሉ። ሰውነት ሲያገግም የመከላከል ኀይሉ ይነቃና በተሸሸጉበት ይከባቸዋል። በፊቱ ላይ የምናየው የዚያን ውጊያ ምልክት ነው።

በሱዳን የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ለካላ አዛር ከታከሙት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት ላይ ሽፍታው ይወጣል፤ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ነው። በሕንድ በኩል ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ፣ ያውም ከዓመታት በኋላ ይታያል። በእኛ አገር የተመዘገበው ከሱዳኑ ያነሰ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አብዛኛው ሽፍታ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከባድ የሆነው፣ ወይም ወደ ዓይን የተጠጋው ግን ረዘም ያለ ሕክምና ይፈልጋል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ሽፍታው ይበረታል፤ ካላ አዛሩም ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በሽፍታው ውስጥ ሕያው ተውሳክ ስላለ፣ የአሸዋ ዝንብ ያንን ሰው ነክሳ በሽታውን ለሌላ ልታስተላልፍ ትችላለች። በእጅ መጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በትንፋሽ ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ይህን ሰው ማግለል በሽታውን አይከለክልም። ሽፍታውን ሐኪም እንዲያየው ማድረግና በአልጋ አጎበር ሥር እንዲተኛ መርዳት ግን ይጠቅማል።

3. የደጋው ቁንጭር

ፊት ላይ የሚታየው ሁሉ ከቆላ የመጣ አይደለም። የደጋችን የራሱ ሌይሽማንያ አለው፤ በአማራ አገር ቁንጭር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 «ሌይሽማንያ ኢትዮፒካ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ባለው ገደላ ገደል አገር ይገኛል። የተውሳኩ ማደሪያ በገደል የሚኖረው ሽኮኮ ነው። የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታመጣዋለች።

ቁንጭር በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው በጉንጭ ወይም በአፍንጫ ላይ የሚወጣ አንድ ቁስል ሲሆን፣ ከዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ሁለተኛው ወደ አፍንጫ ውስጥና ወደ ከንፈር የሚዘልቅ ነው፤ አፍንጫን ያሳብጣል፣ መልክንም ይለውጣል። ሦስተኛው ሳይቆስል በሰውነት ሁሉ የሚሠራጭ እብጠት ነው፤ ይህ በራሱ አይድንም። ይኸኛው ሐኪምን እንኳ አሳስቶ ለሥጋ ደዌ የተወሰደበት ጊዜ አለ።

4. ሥጋ ደዌ

ሕዝባችን ፊት ላይ እብጠት ሲያይ አስቀድሞ የሚያስበው ሥጋ ደዌን ነው። ሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው። ባክቴሪያው ከሰውነት የሚወጣው በዋነኛነት በአፍንጫ በኩል ነው። ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በተለየ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ነው። አፍንጫና ጆሮ ከመላው አካል ይልቅ ለነፋስ የተጋለጡና ቀዝቃዛ ስለሆኑ ይመቹታል። የአፍንጫ መታፈን፣ ነስር፣ የቅንድብ መርገፍ፣ የጆሮ ቆዳ መወፈር፣ ቆይቶም የአፍንጫ ድልድይ መስመጥ ከዚህ ይመጣሉ።

ዋናው ልዩነት በነርቭ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፤ ስለዚህ በገረጣው ቆዳ ላይ ጥጥ ቢያሳርፉበት በሽተኛው ላይሰማው ይችላል። የካላ አዛር ሽፍታ ግን ስሜትን አያጠፋም። ይሁንና ማንም ጥጥ ይዞ ራሱን ሐኪም እንዳያደርግ! ፊት ብዙ ነርቭ ስላለው በሥጋ ደዌም ጊዜ የፊት ቆዳ ስሜቱን ላያጣ ይችላል። ቁርጡን የሚያሳውቀው ነርቮችን ዳስሶ፣ ከቆዳው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ነው።

በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለዚህ ሥራ በመላ አፍሪካ የታወቀ ነው። ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥጋ ደዌ በተቀናጁ መድኃኒቶች ታክሞ የሚድን በሽታ ሆኗል፤ ዛሬ ሕክምናው ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ዘግይቶ የመጣ ግን ባክቴሪያው ቢሞትለትም የሞተው ነርቭ አይመለስለትም። ስለዚህ ሥጋ ደዌን «ቁንጭር ነው፣ ራሱ ይድናል» ብሎ መተው፣ የዳነውን የካላ አዛር በሽተኛ «ሥጋ ደዌ ነው» ብሎ ከማራቅ የማያንስ ጥፋት ነው።

5. ሌሎችም አሉ

በአፍንጫና በጉንጭ ላይ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ የሚወጣ፣ በፀሐይ የሚብስ ሽፍታ ሉፐስ የሚባል በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሉፐስ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በወጣት ሴቶች ላይ ይበዛልና እኅቶቻችን ያስተውሉ። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያም የአፍንጫን ቆዳ ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል። በአፍንጫ ላይ ወጥቶ አልድን የሚል፣ የሚደማና እየሰፋ የሚሄድ ቁስል ካንሰር እንዳይሆን መመርመር አለበት፤ ይልቁንም አልቢኒዝም ያለባቸው ወንድሞችና እኅቶች ከፀሐይ ሊጠበቁና ቶሎ ሊታዩ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙው የአፍንጫ እብጠት ተራ ብጉር መሆኑን አንርሳ፤ ነገ ጠዋት የተማሪዎች ክሊኒክ በር ላይ ሰልፍ እንዳናበዛ!

6. እኛስ ምን እናድርግ?

ለክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ከቆላ የተመለሰ ወንድም ወይም ጎረቤት እናገኛለን። ፊቱ ላይ ምልክት ብናይ አራት ነገር በአክብሮት እንጠይቀው። ሰሊጥ አገር ወርደህ ነበር? ካላ አዛር ታምመህ ታክመሃል? ምልክቱ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆነው? የደነዘዘህ ቦታ አለ? መልሱን ይዞ ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ ባለሙያው ብዙ መንገድ ያጥርለታል። ካላ አዛር መታከሙን ለሐኪሙ ሳይናገር የቀረ ሰው ሽፍታው እንደ ሌላ በሽታ ሊታከምበት ይችላል። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ ነገር ግን ምርመራውን አያስቀር።

በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ስደተኛ ገብቷል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የገዳሪፍ አገርም የካላ አዛር አገር ነው። የአሸዋ ዝንብ ፓስፖርት አትጠይቅም፤ ስለዚህ ይህን ማወቅ ለመተማ ሰው ብቻ የሚተው አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ተረቱ ወቀሳውን በበሽተኛው ላይ ብቻ ይጥላል። ግን ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ የሚሄደው ማንን ፈርቶ ነው? የአገሩን ሰሊጥ ሲያርም የታመመውን፣ ሞትን አምልጦ የተመለሰውን ሰው ከማዕድ የምናርቀው እኛ አይደለንምን? አብረነው ማዕድ ብንቀርብ ምንም አይደርስብንም፤ እርሱ ግን ሳይሸሸግ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል።