ክንዱ ለምን ረዘመ?

ሥዕል ለሚያስተምር ሰው በየቀኑ የምትመጣ ጥያቄ አለች፦ «ክንዱ ለምን ረዘመ?» ጥያቄዋ ተገቢ ናት። የእኔ መልስ፣ ሰዓሊው የሚናገረው ነገር በትክክለኛው ልክ አልገባ ስላለው ነው የሚል ነው። የኦስትሪያው የኤክስፕሬሽኒዝም ሰዓሊ ኤጎን ሺለ (1890–1918) በውሃ ቀለም የሠራቸውን ሰዎች ልብ ብላችሁ እዩ። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፤ ጣቶቻቸው ተራርቀው ተገትረዋል። ሺለ መስመሩን በእርሳስ አስቀምጦ ቀለሙን ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ከሄደ በኋላ ነበር የሚጨምረው፤ ስለዚህ በክርንና በጉልበት ላይ የሚታየው ቀይና አረንጓዴ ከቆዳው የተቀዳ አይደለም፣ ከሰዓሊው ውስጥ የመጣ ነው። ዙሪያው ባዶ ወረቀት ነው፤ ወንበር የለ፣ ግድግዳ የለ። ሰውየው የሚደገፈው የለውም፣ ተመልካቹም ዓይኑን የሚያሸሽበት።

ይህ የፈረንጅ ነገር ለማሻና ለመካነ ሰላም ሰው ምኑ ነው ለሚል፣ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይጀምር። የቅዱሳኑ ዓይን ከተፈጥሮ ልክ በላይ ትልቅ ነው፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሳላል። ዓይኑ ተበላሸ ብሎ የሚከራከር ምእመን አላየንም። እርግጥ ነው፣ ያ ሥርዓት ነው፤ ኤክስፕሬሽኒዝም፣ ማለትም ስሜትን ለመግለጽ ቅርጽን የሚያጣምመው አሳሳል፣ ግን የአንድ ሰው ስሜት። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ግድግዳ ግን አይደለም። ሐረር የተወለደው ሰዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ነበር፤ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን በዘይት ቀለም ሣለ። ርዕሱ ከሥርዓቱ፣ አሳሳሉ ከራሱ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መሳል ያቃተው ሁሉ «ስሜቴ ነው» ቢልስ? እውነት ነው፣ ይላል። ለዚህ ነው የውሃ ቀለምን የማከብረው። የዘይት ቀለም ስሕተትን በላዩ ደርቦ ይሸፍናል፤ እዚህ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብርሃኑ ራሱ ነጩ ወረቀት ስለሆነ፣ አንዴ የጠቆረ ቦታ እንደነበረ አይመለስም። በደጋችን የበጋ ነፋስ ደግሞ ወረቀቱ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ሰዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት መወሰን አለበት። የቀለሙን ጠርዝ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ጥርት ካለ ወረቀቱ ደርቆ ነበር፣ እንደ ጭጋግ ከተሰራጨ እርጥብ ነበር። ክንዱ የረዘመው በውሳኔ ከሆነ ትከሻው ክብደቱን ተሸክሞ ዘንበል ይላል፣ አንገቱም ወደ ሌላው ጎን ይሳባል። በስሕተት ከሆነ፣ ትከሻው ምንም እንዳልሰማ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።