አራት ስም፣ አንድ ባለቤት

ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል የሚሄድ ፍላሽ ፋይል ብቻ ይዞ አይሄድም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲሰካ ሲነቀል «ሾርትከት ቫይረስ» የሚሉትን ይለቅማል፤ ማመልከቻው ወይም የትምህርት ማስረጃው ያለበት ፎልደር ይሰወርና በቦታው ተመሳሳይ ምልክት ይቀመጣል፣ እሱን የተጫነ ሰው ቫይረሱን ይቀሰቅሳል። መከላከያውን አንዱ ኤቪጂ ያደርጋል፣ ሌላው አቫስት፣ ሦስተኛው አቪራ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም። ሦስቱም፣ ከአራተኛው ከኖርተን ጋር፣ ዛሬ ጄን የተባለ የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው።

ድሮ ግን የምር ባላንጣዎች ነበሩ። አቫስት እ.ኤ.አ. በ1988 ፕራግ ውስጥ ተጀመረ፤ መነሻው ፓቬል ባውዲሽ «ቪየና» የተባለውን ቫይረስ ፍሎፒ ዲስክ ላይ አግኝቶ ማጥፊያ መጻፉ ነው። ኤቪጂ በ1991 እዚያው ቼኮስሎቫኪያ፣ ብርኖ ከተማ ተወለደ። በ2016 አቫስት ኤቪጂን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2020 መጨረሻ የኖርተን ባለቤት አቪራን በ360 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በ2022 ደግሞ ገዢውን አቫስትን ራሱን ጠቀለለው።

አቫስት ቫይረስ የመለየት ጥበብ አጥቶ አልነበረም ኤቪጂን የገዛው፤ የፈለገው ተጠቃሚዎቹን ነው። በነፃ የተጫነ አንቲቫይረስ ለሠሪው እንደ ጥበቃ ማማ ያገለግላል። አዲስ ቫይረስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ናሙናው ወደ ኩባንያው ይሄዳል፣ ይመረመራል፣ መለያው በአፕዴት ለሌሎቹ ሁሉ ይደርሳል። ሁለቱ ሲዋሃዱ ከ400 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ መቆም ቻሉ። ከነዚህ ጥቂቱ እንኳ ወደ ከፋይነት ቢዞር የሌላው ወጪ ይሸፈናል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ኢንዶኔዥያዊው አንቲቫይረስ ስማዳቭ ለምን ሳይገዛ እንደታለፈ ይገባል። ስማዳቭ በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስን በማጽዳት እኛም አገር ስም አለው። የተወለደው እንደ ብሮንቶክ ያሉ የአገሩ ቫይረሶች ባስቸገሩበት ዘመን ነው፤ የሩቁ ላብራቶሪ ቀድሞ የማያየውን የአካባቢ ቫይረስ የአገሬው ሰው ቀድሞ ያየዋል። የሚሠራው ግን ከሌላ አንቲቫይረስ ጎን ነው። ስማዳቭን የጫነ ሰው ብዙውን ጊዜ የትልቆቹ ተጠቃሚ ሆኖ ቆይቷልና፣ የሚገዛው ድርጅት ምን አዲስ ነገር ያገኛል?

መግዛት አደጋም አለው። አቫስት በጁላይ 2017 ሲክሊነር የተባለውን የኮምፒውተር ማጽጃ የሚሠራውን ፒሪፎርምን ገዛ። ሰርጎ ገቦች ግን ከግዢው በፊት የፒሪፎርም ኔትወርክ ውስጥ ገብተው ነበር። በኦገስት የወጣው ሲክሊነር የእነሱን ኮድ ይዞ ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ደረሰ። የደህንነት ኩባንያ በገንዘቡ ጠላቱን ጭምር ገዝቶ ቤት አስገባ ማለት ነው።

ጊዜን የሚገዛም አለ፤ ማይክሮሶፍት። በ2003 የሩማንያውን ጄካድን ቴክኖሎጂ ወስዶ «ራቭ» የተባለውን ምርት ከገበያ አስወጣው። በዲሴምበር 2004 ጃያንት የተባለ ትንሽ ኩባንያ ገዛና የጃያንትን የስለላ ሶፍትዌር ማጥፊያ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ስም ለሙከራ አወጣው። ከባዶ ቢጀምር ይህ የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር የዚያ ዘር ነው። በ2022 የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣን ኖርተንና አቫስት እንዲዋሃዱ ሲፈቅድ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር፦ ሁለቱ ቢጣመሩም ዲፌንደር ይፎካከራቸዋል አለ።