ባንኩ «አንከፍትልዎትም» ሲል

አሜሪካ ውስጥ አካውንት ሊከፍት ባንክ ገብቶ «ይቅርታ፣ ልንከፍትልዎት አልቻልንም» ተብሎ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክሬዲቱን ነው። ስልኩን አውጥቶ ስኮሩን ያያል፤ 700 ነው። የካርዱን ዕዳ ያረጋግጣል፤ በወቅቱ ተከፍሏል። ግራ የሚገባውም ይሄኔ ነው። አብዛኞቹ ባንኮች አካውንት ከመክፈታቸው በፊት የሚያዩት ብዙ ሐበሻ ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቀውን የቼክስሲስተምስን መዝገብ ነው።

ክሬዲት ቢሮ ሰው ብድሩን እንዴት እንደሚከፍል ይመዘግባል። ቼክስሲስተምስ ደግሞ ሰው የባንክ አካውንቱን እንዴት እንደያዘ ይመዘግባል። ከዜሮ በታች ወርዶ ሳይከፈል የቀረ ሒሳብ፣ ባንኩ ራሱ የዘጋው አካውንት፣ የማጭበርበር ጥርጣሬ፣ ይህ ሁሉ ከባንኮች እየተላከ እዚያ ይከማቻል። የገባው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ይቆያል። ከእሱ ሌላ ኧርሊ ዋርኒንግ ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት አለ። ባለቤቶቹ ትልልቆቹ ባንኮች ናቸው፤ ሰው ሁሉ ገንዘብ የሚላላክበትን ዜልንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። አንዱ ባንክ የመለሰውን ሰው ማዶ ያለው ባንክም የሚመልሰው ሁለቱም ያንኑ መዝገብ ስለሚያዩ ነው።

ስሙ እዚያ የገባ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። በጣም የተለመደው ምክንያት የተረሳ አካውንት ነው። ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ የተዛወረ ሰው እንውሰድ። በድሮው አካውንቱ 20 ዶላር ትቷል፣ የጂም አባልነቱን ግን አላቋረጠም። ወሩ ሲደርስ ጂሙ 30 ዶላር ይቆርጣል፤ ሒሳቡ ከዜሮ በታች 10 ዶላር ወረደ። ባንኩ የኦቨርድራፍት 35 ዶላር ጨመረበት፣ 45 ሆነ። ወርኃዊ የአካውንት ክፍያ 12 ዶላር ሲታከልበት 57። በሚቀጥለው ወር ጂሙ እንደገና 30፣ ባንኩ እንደገና 35፣ ወርኃዊው እንደገና 12። ዕዳው 134 ዶላር ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 94ቱ ባንኩ ራሱ የጫነው ክፍያ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የሚሄደው ደግሞ ወደ ድሮው አፓርታማ ነው። የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መመሪያ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ እንደ ኪሳራ እንዲመዘገብ ስለሚጠበቅ ባንኩ ብዙ አይታገሥም። አካውንቱን ይዘጋል፣ ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት ያስተላልፋል፣ የሰውየውንም ስም ወደ ቼክስሲስተምስ ይልካል። ሰውየው ይህን ሁሉ የሚሰማው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አካውንት ሲጠይቅ ነው።

ባንኮቹ በቅርብ ዓመታት መጠነኛ ለውጥ አድርገዋል። ካፒታል ዋንና ሲቲባንክ በ2022 የኦቨርድራፍት ክፍያን ጨርሰው አስቀርተዋል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካም በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 ዶላር አውርዶታል። ለውጡ ግን ቀድሞ የተመዘገበውን ሰው መዝገብ አላጠራለትም።

ስም መዝገቡ ውስጥ የሚገባበት ሁለተኛው መንገድ ከተረሳ አካውንት የከፋ ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ አዲስ መጤዎች በብዛት የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሚያውቁት ሰው ይመጣና «አካውንቴ ተይዞብኛል፣ እባክህ ይህን ቼክ በአንተ አስገባልኝ፣ የተወሰነውን አንተ ትወስዳለህ» ይላል። ይሉኝታ ያለበት ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ቼኩ ሲገባ ባንኩ ሕጉ ስለሚያስገድደው የተወሰነውን ገንዘብ ቶሎ ይለቃል። ሒሳቡ ላይ ገንዘቡ ስለታየ ቼኩ የጸዳ ይመስላል፤ አውጥቶም ይሰጠዋል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ ያ «ወዳጅ» ስልኩን አያነሳም፤ ዕዳው በባለ አካውንቱ ላይ ይቀራል፣ መዝገቡም ላይ የሚጻፈው ኦቨርድራፍት ሳይሆን የማጭበርበር ጥርጣሬ ይሆናል። ይህን መዝገብ ማስነሳት ከሁሉም ይከብዳል። አገር ቤት ደረቅ ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እንደሚያስከስስ የሚያውቅ ሰው በገዛ እጁ እንዲህ ያለ ቼክ አይጽፍም፤ የሌላ ሰው ቼክ በራሱ አካውንት ማስገባቱ ግን ያን ያህል አደገኛ መሆኑን ማንም አይነግረውም።

ባለ አካውንቱ አንዳች ጥፋት ሳይኖርበት የሚመዘገብበትም ጊዜ አለ። የዌልስ ፋርጎ ሠራተኞች ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው አካውንት ይከፍቱ እንደነበር ተጋልጦ ባንኩ በ2016 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። በዓመቱ ባንኩ ራሱ እንደገለጸው እንዲህ ያሉት አካውንቶች እስከ 3.5 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችሉ ነበር። መታወቂያውን የተሰረቀ ሰውም አለ። የእኛ ስም አጻጻፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፣ አንዱ ስም በፓስፖርት አንድ ዓይነት በመንጃ ፈቃድ ሌላ ዓይነት ይጻፋል፣ የትውልድ ቀናቸው በጅምላ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበም ብዙዎች ናቸው። ስምም ቀንም ሲመሳሰል የአንዱ ዕዳ በሌላው ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ መፍትሔው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የክሬዲት መረጃ ሕግ ቼክስሲስተምስንም ይገዛዋል። ባንኩ በዚህ መዝገብ ምክንያት ሲከለክል የድርጅቱን ስም፣ አድራሻና ስልክ የያዘ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው በንዴት ቀዶ የሚጥለው ወረቀት እሱ ነው። የተከለከለው ሰው ማስታወቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ እስከ 60 ቀን ድረስ ያንን ወረቀት መሠረት አድርጎ ሪፖርቱን በነጻ ማግኘት ይችላል። ባይከለከልም በየ12 ወሩ አንድ ጊዜ ለማንም ነጻ ነው። በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በፖስታ ይጠየቃል። የኧርሊ ዋርኒንግ ሰርቪስስም እንዲሁ።

ሪፖርቱ ሲመጣ ያን ያህል የሚያስፈራ ወረቀት አይደለም። ስምና የድሮ አድራሻዎች ከላይ ይሰፍራሉ፤ ከዚያ መረጃውን የላከው ባንክ፣ የላከበት ቀን፣ ምክንያቱ በአጭር ሐረግ፣ የዕዳው መጠን፣ ተከፍሎ እንደሆነና እንዳልሆነ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው፤ አምስት ዓመት አልፎት ሳይነሳ የቀረ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ መጠኑ፣ ከዚያ አድራሻው። ኖረውበት የማያውቁት አድራሻ እዚያ ከተገኘ የሌላ ሰው መረጃ መቀላቀሉን ወይም መታወቂያ መሰረቁን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስህተት ካለ አቤቱታ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ማስረጃው በኮፒ ይያያዛል፣ ዋናው እቤት ይቀራል። ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት፤ መረጃውን የላከው ባንክ ሊያረጋግጠው ካልቻለም መዝገቡ ይነሳል። የመታወቂያ ስርቆት ከሆነ ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሪፖርት አድርጎ ያንን ማያያዝ መዝገቡን በፍጥነት ያሳግዳል። አቤቱታው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ሰውየው የራሱን ማብራሪያ ፋይሉ ውስጥ የማስገባት መብት አለው።

ዕዳው እውነት ከሆነ ደግሞ መክፈል ይሻላል፤ ግን ዝም ብሎ አይከፈልም። ዕዳው አሁን በማን እጅ እንዳለ፣ በባንኩ ወይስ በሰብሳቢው፣ ቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሰብሳቢ ድርጅት ከሆነ ማስታወቂያውን ካገኙ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ «ዕዳው የእኔ መሆኑን አረጋግጡልኝ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ከተከፈለ በኋላ መዝገቡ «ተከፍሏል» ተብሎ መስተካከል አለበት። ባንኩ ጨርሶ እንዲያነሳው ግን ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት «ብከፍል መዝገቡን ታነሱልኛላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ እሺ ካሉም ቃላቸውን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። የስልክ ቃል ዋጋ የለውም። የከፈሉበት ደረሰኝ ለዓመታት መቀመጥ አለበት።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ደመወዝ መግቢያ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ማንኛውም ሐበሻ ሊያውቀው የሚገባ ስም ባንክ ኦን ነው። በ2006 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረ ሐሳብ ሲሆን ዛሬ በመላው አገሪቱ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች መስፈርቱን የሚያሟሉ አካውንቶች አሏቸው። መክፈቻው ከ25 ዶላር አይበልጥም፣ ኦቨርድራፍት የሚባል ክፍያ የለውም፣ ወርኃዊው 5 ዶላር አካባቢ ነው። የቼዝ ሴኪዩር ባንኪንግ፣ የባንክ ኦፍ አሜሪካ ሴፍባላንስ፣ የዌልስ ፋርጎ ክሊር አክሰስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የወረቀት ቼክ አይጻፍባቸውም፤ ዴቢት ካርድና ዳይሬክት ዲፖዚት ግን አላቸው። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ራሱ ላያነሳው ስለሚችል አካውንቱን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው። የቀድሞ ማጭበርበር የተመዘገበበት ሰው እዚህም ሊቸገር ይችላል፤ ለአንድ ባንክ ዕዳ ያለበትም ሌላ ባንክ ቢሞክር ይሻለዋል። ለሁለተኛ ዕድል የሚሆን አካውንት ያላቸው የሰፈር ክሬዲት ዩኒየኖችም ብዙ ናቸው።

ይህ በር እንዲሁ አልተከፈተም። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ባንኮች በትናንሽ ስህተት ምስኪኑን ሕዝብ እየመለሱት መሆኑን ከመረመረ በኋላ በ2014 ካፒታል ዋን፣ በ2015 ደግሞ ሲቲባንክና ሳንታንደር አሠራራቸውን ለመለወጥ ተስማምተዋል። ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ አካውንት ማግኘት እስካሁን በሕግ የተረጋገጠ መብት አይደለም። በጀርመን ግን ከ2016 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት በሕጋዊ መንገድ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂም ጭምር፣ መሠረታዊ አካውንት የማግኘት መብት አለው፤ ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ በጀርመኑ ክሬዲት ቢሮ በሹፋ ያለው መዝገብ መበላሸትም ለመከልከል በቂ ምክንያት አይሆንም። አሜሪካም እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልጋታል። ለባንክ ተቀማጭ ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል ድርጅት ኤፍዲአይሲ የ2023 ጥናቱ እንዳሳየው 5.6 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ምንም የባንክ አካውንት የላቸውም፤ ከጥቁር ቤተሰቦች 10.6 በመቶው፣ ከነጮቹ 1.9 በመቶው። ደመወዙን በኮሚሽን እያስመነዘረ፣ የቤት ኪራዩን በመኒ ኦርደር እየከፈለ የሚኖረው ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ነው።

ቼክስሲስተምስን ሳያዩ አካውንት የሚከፍቱ እንደ ቻይም ያሉ አፖችም አሉ፤ ለብዙዎች ጠቅመዋል። ግን አፑ ራሱ ባንክ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚቀመጠው ከኋላው ባለ ባንክ ነው። በ2024 ሲናፕስ የተባለው አገናኝ ድርጅት ሲከስር እንደ ዮታ ባሉ አፖች ያስቀመጡ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ተይዞባቸዋል። የኤፍዲአይሲ ዋስትና የሚሠራው ባንኩ ሲወድቅ እንጂ አገናኙ ሲወድቅ አይደለም። ለደመወዝ መቀበያ ጥሩ ናቸው፤ የዕቁብ ዕጣ ግን እዚያ አይቀመጥም።

ከሁሉም በላይ «መዝገብህን አጸዳልሃለሁ፣ 500 ዶላር አምጣ» ከሚል ሰው መራቅ ነው። እሱ የሚያደርገውን ሁሉ ማንም ሰው በነጻ ማድረግ ይችላል፤ ሥራውን ሳይጨርስ ቀድሞ ማስከፈሉም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። «በሶሻል ሴኩሪቲ ፈንታ የምትጠቀምበት አዲስ ቁጥር እሰጥሃለሁ» የሚለው ደግሞ ወንጀል ውስጥ ይከታል፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ላለበት ሰው መዘዙ ከባንክ አካውንት አልፎ ይሄዳል።

ባለፉት ሁለት ወራት ባንክ የመለሳችሁ ካላችሁ ወረቀቱን አትጣሉት። 60 ቀኑ ሳያልፍ ሪፖርታችሁን አስመጡ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናትና አባቶች፣ ትናንት ለመጡ ልጆችም ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ሙሉላቸው።