ቡችላው ለምን ይፈራናል? ጎንበስ ስንል የሚታየው ድንጋይ ነው

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። መንገድ ላይ ውሻ ሲጮህባችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? ጎንበስ ማለት፣ አይደል? ድንጋይ እንኳ ባይኖር ጎንበስ ካላችሁ ውሻው ይሸሻል። ይቺን ዘዴ አቀስታም ሆነ መካነ ሰላም ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ችግሩ ውሻውም ያውቃታል።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡት። በገበያ ማግስት አጥር ሥር የሁለት ወር ቡችላ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አያችሁ። አሳዘናችሁ። ልታነሱት ጎንበስ አላችሁ። ጩኸቱን አቅልጦት ቱቦ ውስጥ ገባ። "ምን ዓይነት ቡችላ ነው?" ብላችሁ ይሆናል። እሱ ግን ያየው አዛኝ ሰው አይደለም። ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ ያለ ሰው ነው ያየው።

በየሰፈራችን ቡችላ ይጣላል። በተለይ ሴቶቹ "ነገ ትወልድብናለች" ተብለው መንገድ ዳር ይቀራሉ። አንዷን አንስታችሁ ቤት ካስገባችሁ፣ ወይም ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ፈሪ ውሻ ጥሩ ጠባቂ አይደለም

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ጋ "ቡችላ ሰው ከለመደ ይበላሻል፣ ታስሮ ጨለማ ውስጥ ካደገ ኃይለኛ ይሆናል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ ጆሮውን የሚቆርጥም አለ። በዚህ መንገድ የሚያድገው ውሻ ኃይለኛ ይመስላል እንጂ ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፤ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ጥሩ ጠባቂ የሚሆነው የቤቱን ሰው አምኖ ያደገው ነው። ማን የራሱ እንደሆነ ያወቀ ውሻ ባዕዱን ይለያል።

ጊዜው አጭር ነው

ቡችላ ሰውን የሚለምድበት ዕድሜ አለው። ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ አእምሮው ለአዲስ ነገር ክፍት ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ይህን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ቡችሎችን ከሰው ርቀው በአጥር ውስጥ አሳደጓቸው። ከዚያ የተወሰኑትን በተለያየ ዕድሜ እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አዋሏቸው። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይለምዱ የቆዩት እንደ ዱር እንስሳ ሆነው ነበር።

ስለዚህ የሁለት ወር ቡችላ ካገኛችሁ ጊዜው ገና ከእናንተ ጋር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ይለምዳል፣ ግን ቀስ ብሎ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ተዉት። የአቀስታን የሌሊት ብርድ ለእናንተ አንነግራችሁም። ነፋስ የማይገባበት ጥግ ፈልጉ፤ ካርቶን ውስጥ ጭድና አሮጌ ጆንያ አድርጉለት። ውሃ አቅርቡለት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ማንም አይጎትተው። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው "እስቲ እንየው" ሲሉ በጨዋ ደንብ መልሷቸው። የተደበቀበት ቦታ የእሱ ነው፤ ከዚያ እየጎተቱ ማውጣት ከድንጋይ አይተናነስም።

2. አትጎንበሱ፣ ቁጭ በሉ። ከእሱ ራቅ ብላችሁ፣ ጎናችሁን ሰጥታችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዓይን ዓይኑን አትዩት፤ ለውሻ ትኩር ብሎ ማየት ዛቻ ነው። ስልካችሁን ነካኩ፣ ዝግ ባለ ድምፅ አውሩ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል። ምንም ያላደረጋችሁ ይመስላችኋል፤ እሱ ግን "ይህ ሰው አጠገቤ ሆኖ ምንም አላደረገኝም" እያለ እየቆጠረ ነው።

3. ውሻ በበላበት ይጮኻል። አባቶቻችን ነገሩን በአንዲት ተረት ጨርሰውታል። ትንሽ ትንሽ ቂጣ ወይም እንጀራ ወርውሩለት፤ መጀመሪያ እሱ አጠገብ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ወደ እናንተ ቀረብ እያደረጋችሁ። ሲመጣ ለመያዝ አትዘርጉ! አንዴ "በምግብ አታልለው ያዙኝ" ካለ የሳምንት ሥራችሁ ገደል ገባ። ቀርቦ በልቶ ይመለስ፤ የመመለስ መብት እንዳለው ሲያውቅ ነው ደጋግሞ የሚመጣው።

ስለ ምግቡም አንድ ሁለት ነገር እንበል። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አትስጡት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በግ ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉለት፤ ከዚያ የሚያድገው ትል በውሻው በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል።

4. እጃችሁን ከላይ አታምጡበት። ራሱ መጥቶ ሲያሸታችሁ ከአገጩ ሥር ወይም ደረቱን እከኩት፤ ጭንቅላቱን ከላይ አትዳብሱ። ሦስት ሰከንድ ነክታችሁ አቁሙ። ከተጠጋችሁ ቀጥሉ፣ ከራቀ ተዉት። ውሻ መንካት በእምነት ምክንያት በማይዘወተርበት ቤትም አያስቸግርም፤ በጎችን ወይም ግቢን የሚጠብቅ ውሻ የሚያሳድሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ወሎ ውስጥ ብዙ ናቸው። የራሱ ሳህን፣ የራሱ ቦታ፣ በሰዓቱ የሚመጣ ምግብና ለስላሳ ድምፅ ካለ ሳይነካም ሰው ያምናል።

5. ዱላና ጋቢን አስተዋውቁት። የእኛ ሀገር ሽማግሌ ያለ ዱላ አይወጣም። ቡችላው ግን ዱላን የሚያውቀው በመመታት ነው። ዱላውን መሬት ላይ አጋድሙት፣ ዙሪያውን ፍርፋሪ በትኑ። እየበላ ይልመደው። ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ዣንጥላ፣ ባጃጅ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ከሩቅ ጀምሩ። በአንድ ቀን ሁሉንም አታምጡበት።

6. ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረም "እባክህ ራቅ" ማለት ነው። ይህን ስላለ ከተመታ ማስጠንቀቁን ይተዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ፍርሃቱን ከምን እናውቃለን?

ጭራውን እግሩ መሃል ይከታል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣብቃል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ብዙ ሰው የደረቀውን ቡችላ "ጨዋ ነው፣ ዝም አለ" ይለዋል። አይደለም፤ ፍርሃት አደንዝዞት ነው።

እዚህ ላይ ስልካችሁ ይጠቅማል። ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ቪዲዮ ከፍታችሁ አንድ ጥግ ላይ አስደግፉትና ውጡ። ብቻውን ሲሆን ይበላል? ይጫወታል? በየሳምንቱ ብታነፃፅሩ ለውጡን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፊቱ ላይ ደቅናችሁ ሴልፊ የምታነሱት ግን ገና ነው።

አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። የሠርግ ጭፈራ ወይም ነጎድጓድ ሰምቶ እንደ መጀመሪያው ቀን ይደበቃል። አትናደዱ፤ አንድ እርምጃ ተመልሳችሁ ቀጥሉ።

ይህን ሳታደርጉ አትጀምሩ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያገኛችሁት ቡችላ የንክሻ ቁስል ካለው፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ከሆነ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ አትንኩት፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ጤነኛ የሚመስለውንም ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፤ ክትባቱን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይወስዳል።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ፦
👉 ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
👉 በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። "ትንሽ ቡችላ ናት" ብላችሁ አትቆዩ፤ በባህል መድኃኒትም ጊዜ አታጥፉ።

ክትባቱ ከእናንተ ግቢ አልፎ ይሄዳል። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በሕይወት ያሉትም ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ከሚገድሏቸው ነገሮች ዋናው ያልተከተበ ውሻ ይዞት የሚሄደው በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች ተደጋግሞ የታየው እልቂት የመጣው እንደዚያ ነው። መንገድ ላይ የተጣለ ቡችላ ነገ የሚንከራተት ውሻ ይሆናል። ቤት የገባና የተከተበ ቡችላ ግን ልጁንም፣ በጉንም፣ ቀበሮውንም ያተርፋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎንበስ ስትሉ ሮጦ ያመለጠው ቡችላ አንድ ቀን ጫማችሁን ልታስሩ ጎንበስ ስትሉ ይመጣና ጆሮአችሁን ያሸታል። ያን ቀን ያኔ ያየውን ድንጋይ እንደረሳው ታውቃላችሁ።

ቡችላ ያሳደጋችሁ ቤተሰቦቻችን፣ እናንተ ጋ ምን ሠራ? ጻፉልን። ቤቱ ቡችላ ላለው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።