የበረሓው ባቡርና የካርቱም መያዝ

ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊጋጠም ጥቂት ሲቀረው ጀሪፍን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፤ ከስደተኛው ወገናችን ብዙው የኖረባት የካርቱም ሰፈር ናት። ለአንባቢ ላስተዋውቅ የወደድሁት ግን ይህንኑ ውኃ ለመያዝ ከሰሜን በበረሓ ላይ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድና ሐዲዱን ያስዘረጋውን አሳብ ነው።

አውሮፓውያን አፍሪካን ሲቀራመቱ ሥልጣኔን ማስፋፋት፣ የባሪያን ንግድ ማጥፋት፣ ወንጌልን መስበክ የሚሉ ምክንያቶችን ያቀርቡ ነበር፤ እነዚህ ሁሉ ፈጽሞ ሐሰት ነበሩ ለማለት ባልደፍርም፣ የሱዳን ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በዕዳ የተያዘው የግብጽ ገዥ ከዲቭ እስማኤል የቦዩን ድርሻ በ1868 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሸጠ፤ የህንድን መንገድ ለመጠበቅ ስትል እንግሊዝ በ1874 ዓ.ም. ክረምት ግብጽን ያዘች፤ ግብጽን የያዘም ስለ ዓባይ ማሰቡ አልቀረም።

እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርዶን ጥር 19 ቀን 1877 ዓ.ም. በካርቱም፣ በሱዳን በተነሣው በመሐዲ ወታደሮች እጅ ሲሞት በሎንዶን ታላቅ ልቅሶ ሆነ፤ ነገር ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደሙን ሊመልስ የተነሣ ሠራዊት አልነበረም። በቀል ምክንያቱ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልዘገየ ነበር። ሠራዊቱን ያስነሣው የዓድዋ ድል ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢጣልያ በተሸነፈች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእንግሊዝ መንግሥት በሱዳን ወዳለችው ወደ ዶንጎላ እንዲዘመት ወሰነ፤ በይፋ የተነገረው በከሰላ ለተጨነቀው የኢጣልያ ጦር መድረስ ሲሆን፣ በልብ የተያዘው ግን ፈረንሳይ ከላይኛው ዓባይ ቀድማ እንዳትደርስ ነበር።

የወንዙ ጠመዝማዛነትና የድንጋዩ ፏፏቴ መርከብን ስለሚያውክ፣ የጦሩ አዛዥ ኪችነር ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል በረሓ የሚያቋርጥ ሐዲድ እንዲዘረጋ አዘዘ፤ ካናዳዊው መኰንን ጂሩዋርም ሥራውን በ1889 ዓ.ም. አስጀምሮ በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ፈጸመው። ውኃ የለበትም በተባለው ምድር በሁለት ስፍራ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ማግኘታቸው ሥራውን አዳነው። የሐዲዱ ስፋት፣ 3 ጫማ ከ6 ኢንች፣ የደቡብ አፍሪካው ባቡር ስፋት ነው፤ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በአንድ ሐዲድ መድረስ የዚያ ዘመን ሕልም ነበርና። የጦር መርከቦች እንኳ ተፈታትተው በዚህ ባቡር ተጓዙ።

ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. በካርቱም አቅራቢያ በከረሪ ሜዳ ከደርቡሾች፣ ማለት ከመሐዲ ተከታዮች፣ 10,000 ያህል ሲያልቁ፣ ከኪችነር ወገን የሞቱት 48 ብቻ ነበሩ። ድል ያደረገ ሠራዊት ያርፋል፤ ኪችነር ግን ወዲያው ነጭ ዓባይን ሽቅብ ገሥግሦ፣ ፈረንሳዊው ማርሻን ባንዲራውን ወደ ተከለባት ወደ ፋሾዳ ደረሰ። ያዘመታቸው ጥጥ ነው እንዳይባልም፣ በእንግሊዝ አገር የላንክሻየርን ፋብሪካዎች ይመግብ የነበረው የሱዳኑ የገዚራ ጥጥ እንኳ በሰፊው የለማው የሰናር ግድብ ካለቀ በኋላ፣ ከ1917 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

የውኃው አሳብ ኋላም በውል ታየ፤ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. እንግሊዝ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተዋዋለችው ውል የተጻፈው ወሰን፣ የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ፣ በኢታንግ የንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ፣ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድም በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ ነው፤ የባሪያ ንግድ በውሉ ውስጥ አልተነሣም።