ድርብ ልብስ ለመስፋት የሚሆን የስፌት መኪና ስለ መምረጥ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች

በመንደር ትምህርት ቤት ልጆች የስፌት ሥራ በሚማሩበት ቤት አንዲት አሮጌ መኪና ለብዙ ዘመን ስታገለግል ትኖርና፥ ከዕለታት አንድ ቀን ሥራው ከኃይሏ በላይ ይሆናል። ቀድሞ ቀሚስና እጀ ጠባብ ይሰፋባት ነበረ፤ ኋላ ግን ለብርድ የሚሆን፥ በሁለት ጨርቅ መካከል ባዘቶ ገብቶበት የሚሰፋ ድርብ ልብስ ይታዘዛል። ያን ጊዜ መርፌው ይሰበራል፥ ክሩ ይበጠሳል፥ ጨርቁም ይጨማደዳል። መምህሩ «የተሻለች መኪና እንግዛ» ይላል፤ ሽማግሎቹም ከየቤቱ ገንዘብ ያዋጣሉ። ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ግን የትኛይቱ እንደምትሻል የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህም ዐይን የወደዳት ትገዛለች።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ያየሁት ነገር ነው። የሒሳብ መዝገብ እጽፍ በነበርሁበት በአንድ መንደር፥ በተዋጣ ገንዘብ በኤሌክትሪክ የምትሠራ አንዲት መኪና ተገዛች። ገላዋ የሚያብረቀርቅ፥ ብዙ ዐይነት ጥልፍ የምትጠልፍ ነበረች። ወደ መንደሩ መጥታ ባዘቶ ያለበት ልብስ ሲቀርብላት ግን ከመጫኛ እግሯ በታች ሊገባ አልቻለም፤ መብራቱም በየጊዜው ይጠፋ ነበረ። አሮጌይቱን አስቀድመን በርካሽ ሸጠናት ነበርና ልጆቹ ያን ዓመት ያለ ሥራ ከረሙ። ገንዘብ ካዋጡት መካከል ፈትል ፈትላ ሸጣ ያመጣች አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ስሟን በመዝገቡ የጻፍሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የመኪናይቱ አይደለም፤ እርሷ ለተሠራችበት ሥራ መልካም ነበረች። ጥፋቱ ሳንመዝን የመረጥን የእኛ ነው። እንግዲህ ሌላው እንደ እኛ እንዳይሆን የመመዘኛውን ነገር በየተራው እገልጻለሁ።

ስለ መኪናይቱ አመጣጥ

የአንድን መሣሪያ አሠራር ለማወቅ አመጣጡን ማወቅ ይረዳል። በእጅ የሚሰፋ ሰው መርፌውን በሙሉ በጨርቁ ውስጥ ያሳልፋል፤ የመርፌውም ቀዳዳ በስተኋላው ነው። መኪና ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች የሰውን እጅ ለማስመሰል ሲሞክሩ ብዙ ዘመን ደከሙ። በፈረንሳይ አገር ባርተለሚ ቲሞንዬ የተባለ ልብስ ሰፊ በ1830 ዓመት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በአንድ ክር ሰንሰለት የመሰለ ስፌት የሚሰፋ መኪና ሠርቶ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። ነገር ግን በፓሪስ የነበሩ ልብስ ሰፊዎች «እንጀራችን ሊቀርብን ነው» ብለው መኪናዎቹን ሰባበሩበት።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ አገር ኤልያስ ሃው ቀዳዳው በጫፉ በኩል የሆነ መርፌንና ከበታቹ የምትመላለስ መወርወሪያን አስማምቶ በ1846 ዓመት የባለቤትነት መብት ተቀበለ። በ1851 ዓመት ደግሞ ኢሳቅ ሲንገር መርፌው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወጋ፥ ጨርቁም በገበታ ላይ አርፎ በእግር የሚጫን መኪና አወጣ። በ1854 ዓመት አለን ዊልሰን ጨርቁን ከበታች የሚያራምዱትን ጥርሶች አሻሻለ፤ ጥርሶቹ ብቅ ይላሉ፥ ያራምዳሉ፥ ዝቅ ይላሉ፥ ተመልሰው ወደ ቦታቸው ይመጣሉ። ዛሬ በገበያ የሚሸጡት መኪናዎች ምንም ቢያጌጡ የሥራቸው ሥር ይኸው ነው።

አንጓው እንዴት እንደሚታሰር

ሸማኔ ቀሰሙን በመወርወሪያው ውስጥ አድርጎ በድሩ መካከል እንደሚያሳልፍ፥ የስፌት መኪናም ከበታቿ በትንሽ መዘውር የተጠመጠመ ሁለተኛ ክር አላት። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ከወጋ በኋላ ጥቂት ወደ ላይ ሲመለስ ክሩ ከበታች እንደ ቀለበት ይላላል። ያን ጊዜ ሹል ጫፍ ያላት መያዣ ቀለበቱን ይዛ በታችኛው ክር ዙሪያ ታዞረዋለች። መርፌው ወጥቶ ክሩ ሲሳብ ሁለቱ ክሮች ይቈላለፋሉ።

መልካም ስፌት የሚባለው መቈላለፊያው በጨርቁ ውፍረት መካከል ተሰውሮ ሲቀር ነው። የታችኛው ክር በላይ በኩል ብቅ ካለ የላይኛው ክር እጅግ ጠብቋል ማለት ነው፤ የላይኛው ክር በታች በኩል ቢታይ ደግሞ ላልቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ «መኪናዋ ተበላሸች» ከማለት ይድናል።

ድርብ ልብስ የሚያስቸግርበት ምክንያት

ጋቢ አራት ድርብ፥ ኩታም ሁለት ድርብ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። የጋቢው ድርብ እርስ በርሱ የሚስማማ ጥጥ ስለ ሆነ ጫፉ በተሰፋ ጊዜ ይረጋል። ባዘቶ የገባበት ልብስ ግን ከላይና ከታች ጨርቅ፥ ከመካከል የሚነፋ ጥጥ ስላለው መላ ገላው በመስመር በመስመር ካልተሰፋ ባዘቶው ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል። ይህንም ለመስፋት ሦስት ችግር ይገጥማል።

የመጀመሪያው ውፍረቱ ነው። የመጫኛው እግር በቂ ከፍታ ካልተነሣ ልብሱ ከበታቹ አይገባም። ሁለተኛው መንሸራተት ነው። ጥርሶቹ የሚያራምዱት የታችኛውን ጨርቅ ብቻ ነው፤ የላይኛው በመጫኛው እግር ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ከመስመሩ መጨረሻ ሲደርሱ የላይኛው ተርፎ ይጨማደዳል። ለዚህ መድኃኒቱ ተራማጅ እግር የሚባለው ነው፤ የራሱ ጥርሶች ስላሉት የላይኛውን ከታችኛው ጋራ እኩል ያራምደዋል። ይህ በሌለበት ድርቡን አስቀድሞ በእጅ በሰፊው ነካ ነካ አድርጎ መስፋትና ሥራውን ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር መውሰድ ይረዳል።

ሦስተኛው የቦታ ጥበት ነው። ሰፊ ልብስ በሚሰፋበት ጊዜ ግማሹ ተጠቅልሎ ከመርፌው በስተቀኝ፥ በመኪናይቱ ክንድ ሥር ማለፍ አለበት። በቤት ሥራ መኪናዎች ከመርፌው እስከ ክንዱ ግንድ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ ተብለው በሚሠሩት ግን ከ25 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ይገኛል። ትንሽ የሕፃን ልብስ ለሚሰፋ ጠባቡ ይበቃዋል፤ የአልጋ ልብስ ለሚሰፋ ግን ሰፊው ብዙ ድካም ያቀልለታል።

መኪናዎችን እርስ በርሳቸው ስለ ማስተያየት

በእጅ የምትዞረው መኪና ቀላልና ከቤት ወደ ቤት የምትሄድ ናት። ቀስ ብላ ስለምትሠራ ልጅ ለማስተማር ትመቻለች። ነገር ግን ቀኝ እጅ መዘውሩን ስለሚያዞር ከባዱን ልብስ የሚመራው ግራ እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሰፊ ድርብ ልብስ አትበቃም።

በእግር የምትረገጠው መኪና ሁለቱን እጆች ነፃ ታወጣለች፤ መብራት አትሻም፤ አሮጌዎቹም ከብረት ስለ ተሠሩ ጠንካሮች ናቸው። በገበያና በየሰገነቱ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎቻችን ይህችን ሲረግጡ እናያለን። ጕድለቷ ከባድነቷና የምትዞርበት ጠፍር በጊዜ ብዛት መላላቱ ነው። ጀማሪም መርገጫውን ወደ ኋላ ያዞረው እንደ ሆነ ክሩ ይወሳሰባል።

በኤሌክትሪክ የምትሠራው የቤት መኪና ፈጣን ናት፤ ልዩ ልዩ ስፌትም ታውቃለች። ነገር ግን ሞተሯ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ዋት ያህል ስለ ሆነ ወፍራም ልብስ ላይ ለረጅም ሰዓት ብትሠራ ትግላለች። በውስጧ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያላት ደግሞ ስትበላሽ የመንደር ጠጋኝ ሊያድናት አይችልም።

የፋብሪካ መኪና የምትባለው በገበታዋ ላይ የተተከለች፥ በደቂቃ በሺህ የሚቈጠር ስፌት የምትሰፋ ብርቱ መሣሪያ ናት። ለተማሪ ልጅ ጣት ግን ፍጥነቷ ያስፈራል፤ የማያቋርጥ መብራትም ትሻለች።

ከእነዚህ ማናቸውንም ስንመርጥ የስፌቱ ዐይነት ብዛት ሊያታልለን አይገባም። ለድርብ ልብስ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ነው፤ ርዝመቱም ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በአሜሪካ አገር ድርብ የአልጋ ልብስ መስፋት የተከበረ ጥበብ ነው። በዚያም አገር በ1933 ዓመት የወጣችው ሲንገር 221 ክብደቷ 5 ኪሎ ያህል፥ የምትሰፋውም ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ሆና ሳለ፥ ጨርቅ በጨርቅ የሚቀጥሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ፈልገው ይገዟታል። ሥራዋ ንጹሕ ስለ ሆነ ነው እንጂ ስለ ጌጧ አይደለም።

ከመግዛት በፊት

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብን አስቀድሞ አሮጌይቱን መመርመር ይገባል። ከጥርሶቹ በታች የተሰበሰበውን የጥጥ እድፍ በብሩሽ መጥረግ፥ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ሁሉ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት መጨመር፥ መርፌውን በአዲስ መለወጥ፥ የክሩንም ጥብቀት ማስተካከል። የምግብ ዘይት ግን አይጨመርም፤ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ አልሆን ያለች እንደ ሆነ ወደ ገበያ መውጣት ተገቢ ነው። በገበያም እንዲህ ተመልከቱ።

1ኛ፤ የራሳችሁን ልብስ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚያሳየው ስስ ጨርቅ ነው፤ በስስ ጨርቅ የማትሰፋ መኪና የለችም። ከነባዘቶው አንድ ክንድ ያህል፥ በመካከሉም ሌላ ስፌት የሚያቋርጠው ቁራጭ ይዛችሁ በዚያ ላይ አሰፉ።

2ኛ፤ መዘውሩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። በእኩል ቢዞር መልካም ነው፤ በአንድ ቦታ ቢከብድ ወይም ቢንኳኳ ውስጡ ታሟል።

3ኛ፤ የተሰፋውን ገልብጣችሁ እዩ። ከላይም ከታችም አንድ ዐይነት ከሆነና አንጓው ካልታየ ክሩ ተስማምቷል።

4ኛ፤ የመጫኛው እግር ምን ያህል እንደሚነሣ፥ ተራማጅ እግርም ይቀበል እንደ ሆነ፥ ጥርሶቹም ዝቅ ይሉ እንደ ሆነ ጠይቁ። ጥርሶቹ ዝቅ ካሉ ሰፊው ልብሱን በእጁ እየመራ ክብና አበባ ሊሠራ ይችላል።

5ኛ፤ ከመርፌው እስከ ክንዱ ግንድ ያለውን ቦታ በሜትር ለኩ።

6ኛ፤ መርፌዋና የታችኛው ክር መጠምጠሚያ በቅርብ ገበያ ይገኝ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በመርፌው ላይ 90 ተብሎ የተጻፈው ቍጥር ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል፤ አጠገቡ የሚጻፈውም 14 ያንኑ መጠን በሌላ ቍጥር የሚገልጽ ነው። ለድርብ ልብስ ብዙውን ጊዜ ይህ ይስማማል፤ እጅግ ለወፈረው 100 ይደረጋል።

7ኛ፤ ስትበላሽ ማን እንደሚጠግናት ዕወቁ። ጠጋኙ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ከሆነ የመንገዱም ዋጋ ከመግዣው ጋራ ይቈጠራል።

ይህን ሁሉ በደብተር ላይ በሰንጠረዥ ጻፉት፤ የመኪናዎቹ ስም በራስጌ፥ መመዘኛዎቹ በግራ ይሁኑ። በቃል የተያዘ በክርክር ጊዜ ይጠፋል፤ የተጻፈ ግን ሽማግሎች ተቀምጠው እንዲፈርዱ ያስችላል። ለተማሪዎችም መለካትንና ማነጻጸርን የሚማሩበት መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆናቸዋል።

መብራት በማይታመንበት መንደር፥ የእኔ ምክር፥ ጤናማ የሆነች በእግር የምትረገጥ መኪና ሰፊ ክንድ ካላት ትቅደም የሚል ነው። መብራት በማይቋረጥበት ቦታ ግን የመጫኛ እግሯ ከፍ የሚል፥ ተራማጅ እግር የምትቀበል የኤሌክትሪክ መኪና ሥራውን ታፋጥናለች። ሁሉም እንደ ሥራውና እንደ ቦታው ነው።

በመጨረሻም፥ አዲሲቱ አንድ ክረምት ሙሉ ሳትሠራ አሮጌይቱን አትሽጡ። እኛ ቸኵለን ሸጥናት፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለውም ደረሰብን። የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው ከመዝገቡ ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ አንብቦ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ ይሂድ። የዚያች ባልቴት ድርሻ ከሁሉ ያነሰ ነበረ፤ ነገር ግን ስንት ሌሊት እንደ ፈተለችበት የምታውቀው እርሷ ናት።